ለሙኽታር ቀብር የተነቀለው በር

ለሰማይና ለምድር ጌታ ምስጋና ይድረሰውና፣ ዛሬ የምነግራችሁ በአንዲት ጥንታዊ ከተማ ስለኖሩ ሸህ ነው። የከተማዋን ስም ተዉት። ብነግራችሁ «እሱማ የእነሱ ጉዳይ ነው» ብላችሁ ትገላገላላችሁ፤ አውቃችኋለሁ።

ከተማዋ ከአንድ ተራራ ሥር ነበረች። ተራራው በአባቶች ዘመን ደን ነበር፤ አንዱ ለማገዶ፣ አንዱ ለቤት ሲቆርጠው ራቁቱን ቀረ። አፈሩን ጎርፍ ወሰደው፤ ከመስጊዱ በታች ያለው ምንጭም ደረቀ። ሰዉ ከሶላት በፊት ታጥቦ ዉዱእ የሚያደርግበት ውኃ አጥቶ፣ ፊቱን በአፈር እያበሰ፣ ተየሙም እያደረገ ይሰግድ ጀመር። ይኼኔ ሸህ ቡሽራ የሚባሉ ዓሊም ጀመዓውን ሰበሰቡ። ምንጩ እስኪመለስ ድረስ ከተራራው እንጨት ላይቆረጥ፣ ከብትም ላይገባበት ሁሉም በአላህ ስም ቃል ተጋባ። ወንዱም ሴቱም ድንጋይ እየተሸከመ እርከን ሠራ፤ ችግኝ ተከለ።

አንድ ነገር ግን ረሱ። ረሱ ልበል እንጂ ፈርተው ነው፤ ሟርት ይሆናል ብሎ ስለ ሞት አፍ አውጥቶ የተናገረ አልነበረም። በዚያ አገር ሬሳው ላይ አፈር እንዳይወድቅ መቃብሩ በእንጨት ይረበረባል፤ እንጨቱም ድሮ የሚመጣው ከተራራው ነው። ለጊዜው በየቤቱ የተረፈውን እያዋጡ ሙታናቸውን ቀበሩ። ሲያልቅ እያዩም ዝም አሉ።

እንጨት ያጣው የመጀመሪያው ሬሳ የሸሁ አንድያ ልጅ ሙኽታር ሆነ። ንዳድ ይዞት ሰነበተና ጁሙዓ ጠዋት ሞተ። ኢንና ሊላሂ!

ጀናዛው ታጥቦ ከፈን ለብሷል፤ መቃብሩም ተቆፍሯል። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ጉድጓዱን ውኃ ሳይሞላው መቅበር አለባቸው። ጎረቤታቸው ኢብሬ መጥረቢያውን ይዞ መጣ።

«ሸሁ፣ ይፍቀዱልን። ለቀብር ነው፤ ለቀብርማ ማን ይከለክላል?»

ሸሁ ከኢብሬ ኋላ ተመለከቱ። ለአንድ ቀብር የአንድ ሰው መጥረቢያ ይበቃል፤ መጥረቢያ ይዞ የቆመው ግን የከተማው ወንድ እኩሌታ ነበር። አንዱ ጎጆው ዘሞበታል፣ አንዱ ማገዶ አጥቷል። ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ ቸግሯቸው ነው። የሚጠብቁት የሸሁን አንዲት ቃል ብቻ ነው። ይኼን ሲያዩ ሸሁ ወደ ኢብሬ ዞሩ።

«ድንጋይስ የለም?» አሉ።

«ድንጋዩ ሁሉ እርከን ላይ ነው» አለ ኢብሬ። «አሁን ብንነቅለው ይኼ ዝናብ ችግኙን ጠራርጎ ይወስደዋል።»

የልጁ እናት ሩቅያ እየጮኸች ከቤት ወጣች። «ሸሁ፣ የልጄ ፊት ላይ አፈር ሊያፈሱበት ነው?»

ሸሁ ዓሊምም ቢሆኑ አባት ናቸው። ቢፈቅዱ ተራራው እስኪመሽ ያልቃል። ቢከለክሉ ሚስታቸውን በምን ዓይናቸው ያዩዋታል? የዐሱር ሶላት ሰዓት አለፈ፤ ሰማዩ አጉረመረመ፤ ሰዉም ማጉረምረም ጀመረ። ሸሁ ወደ ቤታቸው ዞረው ከአባታቸው የወረሱትን የወይራ በር ሲያዩት ቆዩ።

«ኢብሬ፣ መጥረቢያህን አምጣ» አሉ። ሰዉ ይኼኔ ወደ ተራራው ሊነሳ ተንቀሳቀሰ። «በሩን ንቀልልኝ።»

ኢብሬ ደንግጦ ቆመ። በሩን ቀድማ የያዘችው ሩቅያ ናት። «ንቀለው እንጂ! ምን ትገትረኛለህ?» አለችው። «ልጄን የቤቱ በር ይክደነው።»

ሙኽታር በተወለደበት ቤት በር ተከድኖ ተቀበረ። ለቀስተኛው ሳይበተን ዝናቡ ወረደ፤ እርከኑም ያዘው።

አመሻሽ ላይ ኢብሬ፣ «ሸሁ፣ ጅብ ባለበት አገር ቤት ያለ በር እንዴት ያድራል?» አላቸው።

«ልጄ፣ ቤት ያለ በር ያድራል» አሉት። «ተራራው ግን አንዴ ከተከፈተ መልሶ የሚዘጋው የለም።»

ኢብሬ መጥረቢያውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ደጃፋቸው ላይ ተቀመጠ፤ የተነሳው ለፈጅር ሶላት ነው።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እኔን ይኼ ታሪክ ያስፈራኛል። ቃል የሚፈርሰው በሌባ ብቻ ይመስለናል፤ ሌባንማ እናባርረዋለን። የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ «አይሆንም» የማይባል፣ እያለቀሰ የመጣ ችግር ነው። ያኔ «ለዛሬ ብቻ» እንላለን፤ ከኋላ የቆሙትን መጥረቢያዎች አንቆጥርም። የጋራ አማና፣ የሁላችንን አደራ፣ መጠበቅ ሲጨንቀን ከየራሳችን በር እንጀምር ብትባሉ ስንታችሁ እሺ ትላላችሁ? እኔም ለራሴ እርግጠኛ አይደለሁም፤ አላህ ያግዘኝ።

ምንጩስ? ትሉኛላችሁ። ተመለሰ፤ ዘግይቶ ተመለሰ። ሸሁ አልደረሱበትም፤ አላህ ይዘንላቸው። ጀመዓው የመጀመሪያውን ዉዱእ ለሩቅያ ተወላት። የሙኽታር ፊት ላይ አፈር እንዳይወድቅ ብላ የጮኸችው እናት፣ ውኃውን በእፍኟ ዘግና ፊቷ ላይ አፈሰሰችው።