በወንፊት ላይ የቀረው በቆሎ

አንድ ሰው ነበረ፤ አሳማ ያረባ ነበር። አትሳቂ ትብለጥ፣ ጥያቄሽን እየመለስኩልሽ ነው። «አባባ፣ የሟች እህቴን ልጅ ወስጄ ማሳደግ ከጀመርኩ ይኸው ሰባት ወር ሆነኝ። ጧት እመክራታለሁ፣ ማታ እመክራታለሁ፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። ለቅሶዋንማ ማየት ስለማልችል ፊቴን አዞራለሁ። ከዚህ በላይ ምን ልጨምርላት?» አይደል ያልሽኝ?

እንግዲህ ይህ ሰው አሳማ ያርባ እንጂ አሳማ መንካት አይወድም ነበር። ለከተማ ሆቴሎች ይሸጣል፤ እሱ ግን አሳማ የማይቀምስ ጿሚ ነው፤ ጎረቤቶቹም ከቤቱ ውሃ እንኳ አይጠጡም። ስለዚህ በረቱን ሲጠርግ አፍንጫውን በነጠላ ጠቅልሎ፣ ፊቱን አዙሮ፣ ጥርጊውን ጉድጓድ ውስጥ ደፍቶ ይሮጣል። መኖ መስፈር ግን ደስ ይለዋል። መኖ ንጹህ ነዋ!

አንዷ አሳማው ዘጠኝ ወለደችለት። ቶሎ ይደጉልኝ ብሎ ገና በሦስተኛው ሳምንት ጡት አስጣላቸውና በቆሎ ከፋጉሎ ጋር ሰጣቸው። በሉ። ሆዳቸው ተነፋ እንጂ ጀርባቸው አልሞላም። «አልጠገቡም ማለት ነው» ብሎ አንድ ጣሳ ጨመረ። ተቅማጥ ያዛቸው፤ ከሱ። ሌላ ጣሳ ጨመረ። ሁለቱ ሞቱ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ሲቀብራቸው እንባው መጣ። ለአሳማ አለቀሰ እንዳይባል ላቡን የሚጠርግ መስሎ ጠረገው።

በመጨረሻ አንዲት ፀጉሯ የሸበተ የእንስሳት ባለሙያ ሄዶ ጠራ።

«ምን ያህል ትሰጣቸዋለህ?» አለችው።

«ስምንት ጣሳ ሙሉ! ለልጆቼ እንኳ እንዲህ አልሰፍርም።»

«ስንቱስ ሆዳቸው ውስጥ ይቀራል?»

«ሁሉም ነዋ እትዬ! ገንዳውን እኮ ይልሱታል።»

ሴትዮዋም እጅጌዋን ሰብስባ በረት ገባች። አራት ቀን የሚበሉትን በሚዛን እየመዘነች ሰጠች፤ የሚጥሉትን ፍግ በባልዲ እየለቀመች መዘነች። በአምስተኛው ቀን ከባልዲው አንድ እፍኝ ወንፊት ላይ አድርጋ ውሃ አፈሰሰችበት። እድፉ ወረደ። ወንፊቱ ላይ የቀረው በቆሎ ነበር፤ ገንዳው ውስጥ ሲገባ እንደነበረው ቢጫ።

«ና እይ» አለችው። «ስትሰፍር የኖርከው የእጅህን ነው እንጂ የሆዳቸውን አይደለም። ግማሹ ሳይነካ ያልፋል። የእነዚህ ሆድ ገና ወተት ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ይህን መፍጨት አይችልም። አንተ ፍጭላቸው።»

ያን ጊዜ ሰውየው ነጠላውን ከአፍንጫው አወረደ። ተንበርክኮም በቆሎውን በጣቱ ነካው።

ከዚያ ወዲያ መኖውን አድቅቆ አስፈጨ፤ በአጓት እየለወሰ፣ ጥቂት ጥቂት፣ በቀን አምስት ጊዜ ሰጣቸው። ወንፊቱንም በየሳምንቱ ራሱ ያጥብ ጀመር። የቀሩት ሰባቱ አደጉለት።

ትብለጥ ልጄ፣ ልጅቱን በግልገል አሳማ መሰልኳት ብለሽ አትቀየሚኝ። ከእናቷ እቅፍ ሳትጠግብ የተነጠለች ናት። አንቺም እጅሽ ለጋስ ነው፣ እግዜር ይስጥሽ፤ ምክርሽን ስንት ጣሳ እንደሰፈርሽላት ቆጥረሽ ነግረሽኛል። ለቅሶዋ ላይ ሲደረስ ግን ነጠላሽን አፍንጫሽ ላይ ታደርጊያለሽ። የሆዷ ነገር የሚታየው እዚያ ነው እኮ!

ዛሬ ስትገቢ አትምከሪያት። ስታለቅስ ፊትሽን ሳታዞሪ አጠገቧ ቁጭ በይ። ይህን ሁሉ ወር ሆዷ ሊፈጨው ያልቻለ አንድ ነገር አለ፤ «እናትሽ ሞታለች» ያልሻት። እሱን አብረሻት ፍጪ።