ከመስተዋቱ ጀርባ ማንም የለም

ፕሮፌሰር አጥናፉ የሚባሉ፣ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ የሚያልፋቸው የአእምሮ ሕክምና መምህር ነበሩ። አንድ ቀን ለምርምራቸው ከበሽተኞች ጋር የሚነጻጸር ጤነኛ ሰው ጎደለባቸው። የታመመ ወንድሟን ልትጠይቅ የመጣች አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ኮሪደር ላይ አገኙና ጠርተው አስገቧት። ሴትዮዋ ደግሞ ምላሷ ስለት ነው።

ክፍሉ ውስጥ ግድግዳውን የሞላ መስተዋት አለ። ከወዲያ በኩል ሲያዩት መስኮት ነውና ተማሪዎች እዚያ ተደብቀው ይመለከታሉ። ይህ ግን ለተጠያቂ አይነገርም።

ገና ከመቀመጧ መስተዋቱ «እህ፣ እህ» ብሎ ሳለ።

«ከዚህ ኋላ ሰው አለ እንዴ?» አለች።

«ማንም የለም» አሉ ፕሮፌሰሩ። ከዚያም ድምፃቸውን አለስልሰው፣ «ለመሆኑ ድምፅ መስማት ከጀመርሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?» ሲሉ ጠየቋት።

«አሁን ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ነው።»

«ጭራሽ ጉንፋኑንም ለየሽው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በይ አልጋ ይዘጋጅልሻል፤ እዚሁ ትተኛለሽ።»

ሽንኩርቷን በር ላይ ያለጠባቂ ትታ ነው የገባችው። «በጤናዬ ጠርተው በአንድ ሳል አሳበዱኝ» አለች። «ታሞ የሚመጣውንማ ምን ያደርጉት ይሆን?»

ከመስተዋቱ ጀርባ ሳቅ ፈነዳ። ፕሮፌሰሩ ብድግ ብለው ወደ መስተዋቱ ዞሩና፣ «ዝም በሉ! ምን ያስቃችኋል?» ብለው ጮኹበት።

ሴትዮዋ ወንበሯን ጠጋ አደረገች፤ ልክ እንደሳቸው ድምፅዋን አለሰለሰች።

«አይዞዎት፣ ማንም የለም» አለቻቸው። «አልጋውን ለእርስዎ ለቅቄያለሁ። ለመሆኑ ድምፅ መስማት ከጀመሩ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»