ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ

ተረት አለኝ፤ እናንተ ጆሮ፣ እኔ አፍ እንሁን። እህል ወደ ወፍጮ ቤት የምታመላልስ አንዲት ታታሪ አህያ ነበረች። በበዓል ቀን ጭነት ቀርቶላት ተለቀቀች። እሷ ግን እግሯ በለመደው መንገድ ሄዳ ከተዘጋው ወፍጮ ቤት በር ላይ ተገተረች።

ነገር መጠየቅ የምትወድ ፍየል አየቻትና፣ «እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለቻት።

«አርፋለሁ።»

«ከጀርባውስ ምን አለ?»

«እኔ እንጃ! ስንት ዘመን ስመላለስ ከበሩ ሌላ መች አየሁ?»

ተያይዘው ዞሩ። ለምለም ሣርና ጅረት አገኙ። አህያዋ ስትንደባለል ዋለች።

በማግስቱ ጌታዋ እህሉን አስፈጭቶ ሲወጣ በሩ ላይ አጣት። «አህያዬን ተሰረቅሁ!» እያለ ሲጮኽ ከጀርባ አናፋች። ድምፅዋን ተከትሎ ዞረ። ጅረቱን ሲያይ ዱቄቱን አስቀመጠና ጫማውን አወለቀ።