አባ መብረቅ ገና ሊጫወት

ተረት ተረት በሉኝ፣ ጆሯችሁን አውሱኝ።

የታች ሰፈር እንስሳት የዓመት ገብሳቸውን አዋጡና፣ የላይ ሰፈርን በገና ጨዋታ እንዲያሸንፍላቸው ስመ ጥሩውን ፈረስ አባ መብረቅን አመጡ። እሱ ግን፣ ልጆቼ፣ ለካ አርጅቷል! ሩሯን በዱላ መታሁ ሲል እያመለጠችው ሲያለከልክ ዋለ። ዶሮ የጫጩቶቿን ድርሻ ጭምር ያዋጣች ናትና አንጀቷ አረረ። በገና ጨዋታ ደግሞ ጌታ አይቆጣም፤

«ጌታዬ፣ መሮጡ ካቃተዎ እዚያው ድንበራችን ላይ ይተኙልን!» አለችው።

«እሺ እመቤቴ» ብሎ ዘፍ! ሆዱ ሩሯ የምትገባበትን ድንበር ዘጋው፤ የላይ ሰፈሮች ቢመቱ ቢመቱ ሩሯ እየነጠረች ተመለሰች። በወዲያኛው በኩል ፍየል አንድ አገባችና ታች ሰፈር አሸነፈ!

ዶሮ እልልታዋን አቅልጣ፣ «ለከርሞም ይምጡልን!» አለች።

«እመጣለሁ፤ የመተኛት ዋጋ ግን እጥፍ ነው» አላት።

ተረቴ አለቀ፣ ቤታችሁ በሳቅ ደመቀ።