«ውሃው ነው የገደለው»

«ይቺን ተረት ስታወሪ እንዳትስቂ» ብላኝ ነበር አክስቴ ማንጠግቦሽ፣ ድሮ፣ ከትምህርት ቤት ባስቀሩኝ ዓመት። ስለዚህ አልስቅም። እናንተም አትሳቁ።

ተረት ተረት። «የላም በረት» በሉኝ እንጂ። ዝም ላለ ሰው አልጀምርም።

በድሮ ዘመን፣ በአንድ አገር፣ ሰው የገደለ ሰው ለሟች ዘመድ ይሰጥ ነበር። ዘመድየው ጦር ያነሣል። ከማንሣቱ በፊት ግን አንድ ወግ አለ። ገዳዩን በገዛ እጁ ውሃ ያጠጣዋል። ሲያጠጣው ፊቱን ያያል። ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ ያያል። ከዚያም ከአሥሩ ሰባቱ ጦሩን መሬት ይጥሉና «በቃ፣ ለእግዜር ብዬ ምሬሃለሁ» ይላሉ። ሦስቱ ይወጋሉ። የወጋውም ዕድሜ ልኩን «እገሌ እኮ ሰው ገድሏል» እየተባለ ይኖራል።

ንጉሡ ይህን አልወደደም። አናጢውን ጓንጉልን አስጠራና፦

፦ ሕጌ በአንድ ቅል ውሃ ይፈርሳል እንዴ? የማይራራ ነገር ሥራልኝ። የሰው እጅ የሌለበት። ገዳይ ከሌለ ደም ፈላጊ የለም፣ ቂምም የለም። አገሬ ይረፍ።

፦ እሺ ጃንሆይ፣ አለ ጓንጉል።

ወንዙን በቦይ ጠለፈና ከረጅም ምሰሶ ላይ በሰቀለው ገንዳ ውስጥ አስገባው። ከጎኑም ትልቅ ድንጋይ ሰቀለ። ገንዳው ሲሞላ ዝቅ ይላል። ዝቅ ሲል ድንጋዩን የያዘውን የእንጨት መወርወሪያ ይስባል። መወርወሪያው ሲነቀል ድንጋዩ ከሥር በታሰረው ሰው ላይ ይወርዳል። ምሰሶውንም ሞራ ቀባው፤ አንድ አዛኝ ወጥቶ ውሃውን እንዳይደፋው። ሕዝቡ አይቶ «ይሄ ጥበብ ነው» አለና እልል አለ። ለእልልታ ማን ይሰስታል።

በዚያ አገር የሻረግ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። አንድ ልጅ ብቻ ነበራት። ቢሻው የሚባል ጎረምሳ በእርሻ ድንበር ተጣላውና በዱላ መትቶ ገደለባት። ቢሻው አልካደም። ተፈረደበትና ከድንጋዩ ሥር ታሰረ።

የሻረግ ጦር ይዛ መጣች። በሌላው እጇ ቅል ይዛለች።

፦ እማማ፣ ይመለሱ፣ አለ ጠባቂው። ጦር ቀርቷል። መሣሪያው ይጨርሰዋል።

፦ የገደለው እኮ የእኔን ልጅ ነው።

፦ አውቃለሁ።

፦ ታዲያ እሱን ማን ነው የሚገድለው?

፦ ማንም። ውሃው።

ወደ ዳኛው ሄዳ ጠየቀች።

፦ እኔ ያለውን ሕግ ነው ያነበብኩት። እጄ የለበትም፣ አለ።

ጓንጉልን ጠየቀች።

፦ እኔማ እንጨት ጠራቢ ነኝ። ገንዳ መሥራት ነውር ሆነ እንዴ እሜቴ?

ጠባቂውን ጠየቀች።

፦ እኔ ቦዩን ብቻ ነው የከፈትኩ። ውሃው የመጣው ከተራራው ነው።

፦ እንግዲያው ተራራውን እሰሩት፣ አለች የሻረግ። የልጄ ገዳይ ስም አለው። ሠፈሩን አውቃለሁ፣ አባቱን አውቃለሁ። ብሰድበው ይሰማኛል። ይሄንን ማን ብዬ ልስደበው?

ጠባቂው ድንጋዩ ሲወርድ እንዳያይ ፊቱን እንዲያዞር ታዝዞ ነበርና ፊቱን አዞረ። እሷም አልፋው ገባች። ከላይ ውሃው ጠብ፣ ጠብ ይላል።

፦ መጡ እማማ? አለ ቢሻው። ሳላይዎት እሞታለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር።

፦ ዝም በል። ጠጣ።

ጠጣ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ውሃው በአገጩ ሲወርድ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ለምን እንደጠረገችው አላወቀችም። ጦሩን አነሣችና ብዙ ቆየች። ከዚያም አስቀመጠችው።

፦ ምሬሃለሁ፣ አለችው። እየጠላሁህ ምሬሃለሁ።

ወጣችና ጠባቂውን ያዘችው።

፦ ምሬዋለሁ። ውሃውን ዝጋ።

፦ የመዝጋት ትእዛዝ የለኝም እማማ። የታዘዝኩት መክፈት ነው።

፦ ዳኛውስ?

፦ ምሳ ሄደዋል።

የሻረግ ወደ ቦዩ ሮጠች። በእጇ አፈር እየዛቀች ከተረችው። ውሃው ቆመ። ገንዳው ግን ሞልቶ ነበርና ድንጋዩ ወረደ።

ጆሮ ለሌለው ነገር «ምሬዋለሁ» ቢሉት ምን ይሰማል። ሴትዮዋ ልጇን አጥታለች፤ የቀራት ምሕረቷ ነበር። እሱንም ቀሟት። የቀማት ሰው ማን ነው ቢባል ደግሞ የለም። አገሩ ሁሉ እጁን ታጥቦ እራቱን በላና «ውሃው ነው የገደለው» አለ። ንጉሡም ደኅና አድርጎ ተኛ።

በማግሥቱ ጠዋት ቦዩ ተንዶ ተገኘ። ውሃው ወደ ወንዙ ተመልሷል። ንጉሡ ተቆጥቶ ወረደ።

፦ ማን ነው ይህን ያደረገ?

ዳኛው ጓንጉልን አየ። ጓንጉል ጠባቂውን አየ። ጠባቂው ተራራውን አየ።

የሻረግ ከቦዩ ዳር ተቀምጣለች። ዶማዋ ጭኗ ላይ ነው።

፦ እኔ ነኝ ጃንሆይ፣ አለች። በዚህ እጄ። የሻረግ እባላለሁ።

ከዚያም መልሱን ሳትጠብቅ ተነሣችና የቀረችውን ጥቂት የቦይ ዳር ናደቻት።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። ቂጣም ቢሆን ቁረሱልኝ፣ የአፌን ምሬት አብሱልኝ።