ከሪፖርቱ ይውጣ የተባለው ቀይ ምስል

አንዲት አስካለ የምትባል የላቦራቶሪ ተመራማሪ ነበረች። ሥራዋ አዳዲስ መድኃኒቶች የካንሰር ሕዋሳትን እንዴት እንደሚገድሉ መመርመር ነው። ሕዋስ በሥርዓት ሲሞት፣ በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ተደብቆ የሚኖር አንድ ዓይነት ስብ ወደ ውጭ ይገለበጣል። አጽጂ ሕዋሳት ያንን ስብ ሲያገኙ ሟቹን ውጠው ያስወግዱታል፤ ጎረቤቶቹ አይጎዱም። አስካለ ስቡን በአረንጓዴ ቀለም፣ የተቀደደ ሽፋን ያለውን ሕዋስ ደግሞ በቀይ ቀለም ትለይ ነበር።

አለቃዋ ዶክተር ልሳነወርቅ አሥራ አንድ ዓመት የደከሙበት መድኃኒት ነበራቸው። ሕዋሳቱ አረንጓዴ ሆነው ሲያበሩ ባዩ ጊዜ ከወንበራቸው ተነሡ።

"ተሳካልን!" አሉ። "በሚቀጥለው ወር ለሕሙማን እንዲሰጥ ፈቃድ እንጠይቃለን።"

አስካለ ግን ቀዩንም አየች። ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ሁለቱ ቀለሞች አብረው ነበሩ። ስቡ አልተገለበጠም፤ ሽፋኑ ተቀዶ አረንጓዴው ቀለም ራሱ ውስጥ ድረስ ገብቶ ነው ስቡን ያገኘው። መድኃኒቱን በጤነኛ ሕዋሳት ላይ ሞከረችው። እነሱም ፈነዱ።

"ቀዩን ምስል ከሪፖርቱ አውጪው" አሏት ዶክተሩ።

"አላወጣም።"

"አስካለ! ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ!"

"አዎ፣ ቀዩን ማየት ያስተማሩኝም እርስዎ ነዎት። ይህ መድኃኒት ሰው ደም ውስጥ ሲገባ በሽተኛውን ሕዋስ ከጤነኛው በምን ይለያል? ይንገሩኝና አወጣዋለሁ።"

ዶክተሩ ረቂቁን ከጠረጴዛዋ አነሡ። ሪፖርቱን ያለ ቀዩ ምስል ራሳቸው ጨረሱት፤ እሷን ዕቃ ግምጃ ቤት መደቧት።

ፈቃዱን የሚወስኑት ገምጋሚዎች በተሰበሰቡበት ቀን አስካለ ሳትጠራ ገባች። "ውጪ!" ተባለች። ምስሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ቆመች።

"መጀመሪያ ይህን እዩ፤ ከዚያ እወጣለሁ።"

አንዲት አዛውንት ገምጋሚ መነጽራቸውን አስተካክለው ብዙ ተመለከቱት። ሙከራው በሌላ ላቦራቶሪ እንዲደገም አዘዙ። ውጤቱ ያው ሆነ። መድኃኒቱ አንድም ሕመምተኛ ዘንድ ሳይደርስ ቀረ።

ዶክተሩ እስከ ዛሬ አያናግሯትም። አስካለም ወደ ምርምር የተመለሰችው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሌላ ተቋም ነው። "አልቆጨሽም?" ሲሏት፣ "ነገም ቢሆን ሳልጠራ እገባለሁ" ትላለች።

የደከምንበት ነገር እንዲሳካ ስንጓጓ ዓይናችን ደስ የሚለውን ብቻ ይመርጣል። የምናከብረውን ሰው ስህተት የሸፈንን ቀን ደግሞ ጉዳቱ የሚያርፈው ስብሰባው ላይ ወንበር በሌለው በሽተኛ ላይ ነው። እርስዎስ፣ ያስተማረዎት ሰው "አውጣው" ቢልዎት ምን ይመልሱ ነበር?