እጆቹ ላይ የሚቀመጠው ዋጦ

«ተረት ተረት።»

«የመሰረት።»

ይሄ ምንድን ነው፣ የትንኝ ድምፅ ነው? እኔ የምፈልገው ባሕር ማዶ የሚሰማ ነው። እንደገና፦ «ተረት ተረት።»

«የመሰረት!»

እሱ ነው። አሁን ሸራችን ነፋስ ያዘ፤ እንሂድ።

በድሮ ጊዜ፣ ጀልባዎች ይናገሩ በነበረበት ዘመን፣ በሞቃት ባሕር መካከል ኑራ የምትባል ትንሽ ደሴት ነበረች። አሸዋዋ ነጭ ነው። ተምሯ ጣፋጭ ነው። ሰዎቿ በጀልባ ይወለዳሉ ማለት ይቀላል፤ ከእግራቸው በፊት ሸራ ያውቃሉ።

እነዚህ ሰዎች አንድ ሕግ ነበራቸው። ጀልባ ሲመጣ ባሕሩ ዳር ያለ ሰው ሥራውን ጥሎ ይሮጣል። ከጀልባው ገመድ ይወረወርለታል፤ እሱም ይቀበላል። ገመዱን የተቀበለ እጅ እንግዳውን ተቀበለ ማለት ነው። ያጠጣዋል፣ ያበላዋል፣ በደህና ይሸኘዋል። ገመዱን ማንም ካልተቀበለ ግን እንግዳው መልህቁን አይጥልም። እዚያው ውሃው ላይ እየዞረ ይጠብቃል። የዚህ ሕግ ዳኛ ባሕሩ ራሱ ነበር። ባሕር ደግሞ ጉቦ አይበላም።

በኑራ ውስጥ ገመድ ተቀብሎ የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም የትልቁ ጀልባ አለቃ፣ ናኾዳ ሰልማን ነው። «እጄ ይሻክራል» ይል ነበር። የብር ቀለበቱን እያሻሸ ሌላ ሰው ይልካል።

አንድ ዓመት ዝናብ ቀረ። የኑራ ጉድጓድ ጨው ሆነ። ሕፃናት ውሃ ውሃ እያሉ አለቀሱ። ፍየሎችም አለቀሱ፤ የፍየል ለቅሶ ደግሞ ከሕፃን ይብሳል። ጣፋጭ ውሃ ያለው አንድ ምንጭ ብቻ ነበር። እሱም የሚገኘው በዋጦ ደሴት ነው።

ዋጦ ግዙፍ ነው። ሲቀመጥ ኮረብታ ያክላል። ሲያዛጋ የባሕር ወፎች ዋሻ መስሏቸው ይገባሉ። የባሕሩን ሕግ ያውቃል፤ ይፈራዋልም። ስለዚህ ጀልባ ሲመጣ ምን ያደርጋል? ሁለት እጆቹን ከመቀመጫው ሥር ይከትና ይቀመጥባቸዋል። እስቲ ሞክሩት። ሁላችሁም። አሁን ገመድ ብወረውርላችሁ ትይዛላችሁ? አትይዙም። እሱም እንደዚሁ።

መጀመሪያ ናኾዳ ሰልማን ሄደ። ገመዱን ወረወረ። ማንም አልተቀበለውም። ጥማቱ ጠንቶበት ነበርና መልህቁን ጣለ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? ዋጦ ሳቀ። «ማን ጠራህ? ማንስ ተቀበለህ?» አለው። ትልቁን ጀልባ አነሳና እንደ ዶቃ በክር ሰክቶ አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። ሰልማንንና መርከበኞቹን ግን አልበላቸውም። ጀርባውን እንዲያኩለት አዘዛቸው።

ቀጥሎ ሁመድ ሄደ። ሁመድ ፈጣን ልጅ ነው። ፈጥኖ ደረሰ፤ ፈጥኖ መልህቁን ጣለ፤ ፈጥኖ ማከክ ጀመረ።

ሁመድ መዲና የምትባል እህት ነበረችው። መዲና ሙሽሮችን፣ ፍየሎችንና ማገዶን ከደሴት ደሴት የምታደርስ ሴት ነበረች። ጀልባዋ ያረጀች ናት፤ ስሟም አሮጊት ነው። የአሮጊት ሸራ በእራፊ ላይ እራፊ ነው፤ የአንዲት ሙሽራ ሻሽ አለበት፣ የዱቄት ጆንያ አለበት፣ የመዲና አባት አሮጌ ሸሚዝም ከነኪሱ አለበት። ነፋስ ሲገባበት መጀመሪያ ኪሱ ይነፋል።

«እኔ እሄዳለሁ» አለች መዲና።

«ሁለቱን ያስቀረ አንቺን ይመልሳል?» አሏት ሰዎቹ።

«ወንድሜ እዚያ፣ ጥማቱ እዚህ። ታዲያ የት ልቀመጥ?»

ሰዎቹ ሊሸኟት ተነሱ። የሚሰጧት ስንቅም አልነበራቸውም። ግን እያንዳንዱ ቤት ውሃ የሚቀዳበት የዘንባባ ገመድ ነበረው። ጉድጓዱ ጨው ከሆነ ወዲህ ገመዱ ሥራ ፈቷል። ሁሉም ገመዱን አመጣ። ቀጣጠሉት፣ ቋጠሩት። በጣም ረዥምና በጣም ሻካራ ገመድ ወጣው። መዲና ገመዱን ጠቅልላ፣ ባዶ እንስራዎቿን ጭና፣ ሸራዋን ሳበች።

አሮጊት ማጉረምረም ጀመረች። «ኧረ ጉልበቴን።»

«ጉልበት የለሽም እኮ» አለቻት መዲና።

«ቢኖረኝ ያመኝ ነበር።»

እንዲህ እየተጨቃጨቁ የወፎች ደሴት ደረሱ። መዲና ገመዷን ወረወረች። ወፎቹ በምንቃራቸው ተቀበሏት። አሳ አበሏት። ስትሄድ ትልቋ ወፍ እንዲህ አለቻት፦ «የዋጦ ወደብ ከሥሩ ስል ድንጋይ አለበት። ውሃው ነጣ ካለ ድንጋይ ነው። ጥቁር ሰማያዊውን ተከተይ።»

መዲና አመሰገነች። ሸራዋን ሳበች።

የሸርጣኖች ደሴት ደረሱ። ገመዷን ወረወረች። ሸርጣኖቹ በጉጠታቸው ተቀበሏት፤ ወደ ጎን ጎን እየሄዱ ጎተቷት። ስትሄድ ትንሹ ሸርጣን እንዲህ አላት፦ «ዋጦ ገመድሽን በእጁ ካልያዘ መልህቅሽን እንዳትጥይ። ቢርብሽም፣ ቢጠማሽም፣ ቢስቅብሽም።»

መዲና አመሰገነች። ሸራዋን ሳበች።

የኤሊ ደሴት ደረሱ። ገመዷን ወረወረች። በዚያ ደሴት አንዲት ያረጀች ኤሊ ብቻ ነበረች። ገመዱን ልትቀበል ተነሳች። መጣች፣ መጣች፣ መጣች፤ አልደረሰችም። መዲና መልህቋን ሳትጥል ውሃው ላይ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰች ጠበቀች።

«እኔና ይቺ ኤሊ ማን ይበልጥ ያረጀ ይመስልሻል?» አለች አሮጊት።

ፀሐይ ማዘንበል ስትጀምር ኤሊዋ ገመዱን በአፏ ያዘች። «ይቅርታ ልጄ» አለች። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ እኔም ከእንቁላል ነው የወጣሁት።» ከዚያ እንዲህ አለቻት፦ «ሌላው ሁሉ ትቶኝ ይሄዳል፤ አንቺ ግን ጠበቅሽኝ። ስለዚህ ምሥጢር ልንገርሽ። ዋጦ ሁልጊዜ ጀርባውን ይበላዋል። የባሕር ጨው ደርቆበታል። የሰው ጥፍር ደግሞ ለሱ ኩርኮራ ነው፤ አያረካውም።»

መዲና ስለ ጥፍር አሰበች። ከዚያ እግሯ ሥር የተጠቀለለውን ገመድ አየች። ብቻዋን ሳቀች።

በማግስቱ የዋጦ ደሴት ታየ። መዲና ነጩን ውሃ እየሸሸች፣ ጥቁር ሰማያዊውን እየተከተለች ወደብ ገባች። ዋጦ አያት። ወዲያው እጆቹ ላይ ቁጭ አለ። አንገቱ ላይ የተሰኩት ጀልባዎች ተንኳኩ። ሁመድ ከጀርባው ጫፍ ላይ ብቅ ብሎ እህቱን አየ፤ ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ያዘው።

«ጌታዬ፣ እንደምን አሉ? ገመዴን ይቀበሉኝ» አለች መዲና። ወረወረች። ገመዱ ውሃ ላይ ወደቀ።

ዋጦ ሳቀ። «መልህቅሽን ጣዪ እንጂ። ምን ያዞርሻል?»

መዲና መልህቋን አልጣለችም። ሸራዋን አዙራ ተመለሰች። ገመዱ ጫፍ ላይ የሰባ አሳ አሰረች። ወረወረች። ዋጦ አፉን ከፍቶ ቀለበው። አሳውን ዋጠ፤ ገመዱን ተፋ። «አፍ እጅ አይደለም» አለ። ከፊቱ ኩራት ተነበበ።

መዲና አሁንም መልህቋን አልጣለችም። ሸራዋን አዙራ ተመለሰች።

«አሮጊት፣ ትንሽ ብቻሽን ሂጂ» አለች።

«ሁልጊዜስ ማን ነው የሚሄደው?» አለች ጀልባዋ።

መዲና የጀልባዋ መቀመጫ ላይ ወጥታ ቆመች። እርጥቡንና ጨዋማውን ገመድ በጀርባዋ አዞረችው። አንዱን ጫፍ በግራ፣ ሌላውን በቀኝ እጇ ያዘች። ወዲያ ሳበች፤ ወዲህ ሳበች። ዓይኗን ጨፈነች። «እፎይ» አለች። «እሰይ፣ እዚያ ጋ። እዚያው ጋ።»

እናንተ ምን ያስነቀንቃችኋል? እናንተንም በላችሁ? ቆይ፣ ዋጦ ይቅደም።

ዋጦ ትከሻውን ነቀነቀ። ወደ ግራ ተወዘወዘ። ወደ ቀኝ ተወዘወዘ። «ምንድን ነው እሱ?» አለ።

«ምንም አይደለም ጌታዬ። ለእርስዎ አይሆንም። ሻካራ ነው።»

«ስንት ቦታ ሻካራ ነው?»

«ከጫፍ እስከ ጫፍ።»

ዋጦ ምራቁን ዋጠ። መቶ ዓመት የከረመው እከክ አንድ ላይ ተነሳበት። መርከበኞቹን «ጠንከር አድርጋችሁ እከኩ» ብሎ ጮኸባቸው። እነሱም አከኩ። ኩርኮራ ብቻ ሆነበት። መዲና እንደገና «እፎይ» አለች።

«ወርውሪልኝ» አለ ዋጦ።

«በምን ሊይዙት? እጆችዎ ሥራ ላይ ናቸው።»

«ወርውሪ ብያለሁ።»

ወረወረች። ዋጦ ሁለት እጆቹን ከመቀመጫው ሥር መዝዞ አወጣ። ገመዱን ከአየር ላይ ቀለበ። በጀርባው አዙሮ ወዲያ ሳበ፣ ወዲህ ሳበ። መርከበኞቹ ከጀርባው ላይ እየተንከባለሉ አሸዋው ላይ ወደቁ። ከዋጦ ጀርባ የጨው ቅርፊት እየተላቀቀ ረገፈ። ከሩቅ ላየው በረዶ ይመስል ነበር። ዋጦ በዕድሜው እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

መዲና ሸራዋን አወረደች። መልህቋን ጣለች። «ጌታዬ፣ ገመዴን በእጅዎ ተቀብለዋል። እንግዳዎ ነኝ» አለች።

ዋጦ ደነገጠ። «ለማከክ ነው የያዝኩት።»

«እንግዲያው ባሕሩን እንጠይቀው።»

ባሕሩ መልስ ሰጠ። ውሃው ተነሳ። የሌላውን ሰው ተረከዝ እንኳን አላረጠበም፤ ዋጦን ብቻ ነው የከበበው። «አልተቀበልኩም» አለ፤ ውሃው ጉልበቱ ደረሰ። «አልተቀበልኩም» አለ፤ ውሃው እምብርቱ ደረሰ። «አልተ...» ሲል ውሃው ጢሙን ነካው። ለካ ዋጦ ዋና አይችልም።

«ተቀብያለሁ» አለ። ባሕሩ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ወንድሜና እነዚያ ሰዎችስ?» አለች መዲና። «የእንግዳ ወገን እንግዳ ነው።»

ዋጦ ባሕሩን በጎሪጥ አየና «እነሱም እንግዶቼ ናቸው» አለ። የአሮጊትን ገመድ በእግሩ አውራ ጣት ላይ አሰረው። ጀልባዎቹን ከአንገቱ አውርዶ ቀስ ብሎ ውሃው ላይ አስቀመጣቸው። ሁሉም ከምንጩ ጠጡ። እንስራዎቹን ሞሉ። ሁመድ እህቱን አቅፎ አለቀሰ፤ ከዚያ ጥፍሩ እንዴት እንዳለቀ እያሳየ ሳቀ።

ሊሄዱ ሲነሱ ዋጦ ገመዱን ከጣቱ ፈትቶ ዘረጋላት። እጁ ግን አልለቅም አለ። «እስካሁን ወደ እኔ ገመድ የተወረወረው ውሃዬን ፍለጋ ነው» አለ። «ዛሬ ግን ጀርባዬን ያሰበ ሰው አገኘሁ።»

መዲና አዘነችለት። ልታታልለው ነበር የመጣችው፤ ግን አዘነችለት። «ይውሰዱት ጌታዬ። ስጦታ ነው» አለችው።

ውሃው የደረሰ ቀን ኑራ በደስታ አበደች። ሕፃናት ጠጡ፤ ፍየሎች ጠጡ፤ አሮጊትም «እኔ ከውጭ ብቻ ነው የምረጥበው?» ስትል አንድ ገንቦ ላይዋ ላይ አፈሰሱላት።

ከሰነበቱ በኋላ ባሕሩ ላይ አንድ ኮረብታ ወደ ኑራ ሲመጣ ታየ። ዋጦ ነው። ጥልቀት የሌለውን ውሃ እየመረጠ፣ እየፈራ፣ በእግሩ ይመጣል። ራሱ ላይ ቤት የሚያክል ጋን ሙሉ ጣፋጭ ውሃ ተሸክሟል። ባሕሩ ዳር ደረሰና ቆመ። ወደ ወደቡ አልገባም። ያንን የዘንባባ ገመድ ወረወረ፤ ጠበቀ።

ሰዎቹ ፈሩ። አንዱ ሌላውን አየ። መዲና ከወደ ገበያው እየሮጠች ነበር፤ ግን ሩቅ ናት። ገመዱ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። የዋጦ ፊት ወደ ማልቀስ ደረሰ።

በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ውሃው ውስጥ ገባ። ነጭ ልብሱ እስከ ወገቡ ራሰ። ጎንበስ ብሎ ገመዱን በሁለት እጁ ያዘ። ናኾዳ ሰልማን ነበር።

«ጀርባህን አውቀዋለሁ» አለው ሰልማን። «ና ግባ፤ ዛሬ ደግሞ ፊትህን ልየው።»

ዋጦም ገባ። ተምር አበሉት፤ የሁሉንም ተምር ጨረሰ። ከዚያ ወዲህ የኑራ ጀልባዎች ውሃ ሊቀዱ ሲሄዱ በአውራ ጣቱ ይታሰሩ ነበር ይባላል። ጀልባዎች ግን ዛሬ አይናገሩም። ሞተር ከመጣ ወዲህ ማን ይሰማቸዋል?

ልጆቼ፣ ትምህርቱ ይሄ ነው፦ የሰው ደጅ ስትደርሱ እስኪቀበሏችሁ ጠብቁ፤ ገመድ የወረወረላችሁን ሰው ደግሞ እጃችሁ ላይ ተቀምጣችሁ አትዩት።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በተምር አብሱ። ዋጦ ያስተረፈው ካለ ማለቴ ነው። አሁን እጃችሁን ከመቀመጫችሁ ሥር አውጡ።